ሐረር ላይ አንዱ ከበል ለምን ሁለት ጊዜ ይሰማል?

የሐረር ዚክሪ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ከበሮውን፣ ማለትም ከረቡን ነው። ድምፅ ለሚቀርጽ ሰው ግን ዋናው ፈተና ከበል ነው፤ በእጅ ተይዘው እርስ በርስ የሚማቱ እንጨቶች ናቸው። ድምፃቸው “ቷ!” ብሎ ወዲያው ይጠፋል። እንዲህ አጭር የሆነ ድምፅ በቀረጻ ውስጥ ያለችን የጊዜ ስህተት ሁሉ ያጋልጣል።

በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሸዋል ዒድ በዓል ሲከበር፣ በጁገል ካሉት አዋቾች (የወልዮች ማረፊያ ቦታዎች) በአንዱ ዚክሪ እንድትቀርጹ ተፈቀደላችሁ እንበል። አንዱን ዲጂታል መቅረጫ ከመሪው ፊት፣ ሌላውን ከረቡ አጠገብ አስቀመጣችሁ። አንድ ሰዓት ቀረጻችሁ። ከዚያ ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ መነሻቸውን አገጣጠማችሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ሸጋ ነው። መጨረሻው አካባቢ ግን እያንዳንዱ ምት “ቷ-ቷ” ይላል። መቅረጫዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም 48,000 ላይ ተስተካክለዋል። ታዲያ ምን ሆኑ?

48,000 ማለት መሣሪያው ድምፁን በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል ማለት ነው። እያንዳንዱ ልኬት ናሙና ይባላል። “አሁን ለካ” የሚለው ደግሞ በውስጡ ያለች የኳርትዝ ክሪስታል ናት፤ የእጅ ሰዓታችሁ ውስጥ ያለችው ዓይነት። ክሪስታሎች ጎበዝ ናቸው፣ ፍጹም ግን አይደሉም። ከሚሊዮን 20 ያህል መሳሳት የተለመደ ነው። አንዱ በ20 ቢቀድምና ሌላው በ20 ቢዘገይ ልዩነታቸው ከሚሊዮን 40 ይሆናል። እስቲ እናስላው፤ አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ ነው፣ በ40 አባዝተን ለሚሊዮን ስናካፍል 0.144 ሰከንድ ይመጣል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ድምፅ ግን በዚህ ጊዜ ውስጥ 50 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከበሉ አንድ ጊዜ አጠገባችሁ፣ አንድ ጊዜ ከሰፈሩ ጥግ የተመታ ያህል ነው።

መቅረጫውን በዲጂታል ገመድ ከኦዲዮ ኢንተርፌስ ጋር በቀጥታ ካገናኛችሁት ችግሩ መልኩን ይቀይራል። ሁለቱም በየራሳቸው ክሎክ ከሄዱ፣ አንዱ የሚልከውና ሌላው የሚቀበለው ናሙና ቁጥር አይገጥምም። በምሳሌያችን በየሰከንዱ ወደ 2 ናሙና ይተርፋል ወይም ይጎድላል። ኮምፒውተሩ ግራ ይገባዋል፤ እናንተ ደግሞ “ጠቅ… ጠቅ” የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ብዙ ልጆች ገመዱ የተበላሸ መስሏቸው አዲስ ይገዛሉ። ገመዱ ምንም አላጠፋም! መፍትሔው አንዱን መሪ፣ ሌላውን ተከታይ ማድረግ ነው፤ የላኪው ክሎክ በራሱ ይሂድ፣ የተቀባዩ ምርጫ ደግሞ “ኤክስተርናል” ላይ ይሁን። ዚክሪም ቢሆን ሁለት መሪ በአንዴ አይመራውም።

በባትሪ ለየብቻ የተቀረጹት ፋይሎችስ? እዚህ ላይ ያው ከበሉ ያድናችኋል። በመነሻው አንድ ምት፣ በመጨረሻው አንድ ምት መርጣችሁ በሁለቱም ፋይሎች ርቀታቸውን ለኩ፤ ከዚያ አንዱን ፋይል በዚያው ጥምርታ አሳጥሩት ወይም ለጥጡት። አርቲስቶቹ ሳያውቁት የፊልም ሠሪዎቹን ጭብጨባ ሠርተውላችኋል።

ከዚህ የባሰ አለ። በ48,000 የተቀረጸውን 44,100 ነው ብላችሁ ካጫወታችሁት፣ የአንድ ሰዓቱ ዚክሪ 65 ደቂቃ ከ18 ሰከንድ ይፈጃል። የሴቶቹ ድምፅ ይወፍራል፣ ምቱም ይንቀራፈፋል። ዋናውን ቀረጻ ያልሰማ ሰው ዜማው ድሮም እንዲህ ነበር ብሎ ሊማረው ይችላል።

ሐረር ውስጥ ይህ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። የራስ ተፈሪ መኖሪያ በነበረው ቤት የሚገኘውን የሸሪፍ ሙዚየም ያቋቋሙት አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ፣ ከብራና መጻሕፍትና ከሳንቲሞች ጎን የከተማዋን የዜማ ቅጂዎችም ሲሰበስቡ ኖረዋል። አሮጌ ክር ደግሞ በተጫወተ ቁጥር ይጎዳል። ስለዚህ ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ ግንኙነቱ ከመጀመሪያው ልክ መሆን አለበት። የቴፑ መውጫ ወደ “ላይን” መግቢያ እንጂ ወደ ማይክ መግቢያ አይገባም፤ ማይክ መግቢያ የተሠራው እጅግ ለደከመ ምልክት ስለሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል። ዲጂታል ላይ ከዜሮ በላይ ቦታ የለም፤ የተቆረጠ የሞገድ ጫፍ አይመለስም። ከፍተኛው ምት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢቆይ እኔ ደስ ይለኛል።

ኢፌክትስ? ሪቨርብ የሚጨምር ውጫዊ ሳጥን ካላችሁ፣ ድምፁ ከኢንተርፌሱ ወጥቶ በሳጥኑ አልፎ በሌላ መግቢያ ይመለሳል። በጉዞው 2 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ እንኳ ችግር አለ፤ ሳጥኑ ከሪቨርቡ ጋር ያልተነካውን ድምፅ ጨምሮ ከመለሰ፣ ከኮምፒውተሩ ድምፅ ጋር ይጋጭና 250 ኸርዝ አካባቢ ይሸረሽረዋል። የወንዶች ድምፅና የከረቡ ሙላት የሚገኘው እዚያው ሰፈር ነው። ሳጥኑ ሪቨርቡን ብቻ እንዲመልስ አድርጉት፤ ያልተነካው ከኮምፒውተሩ ይምጣ።

ሪቨርቡን ግን ለሚደመጠው ቅጂ ብቻ ተጠቀሙበት። ለማኅደር የሚቀመጠው ፋይል ያለ ምንም ኢፌክት ይቀመጥ፤ የናሙና መጠኑ፣ የቴፑና የመቅረጫው ዓይነት፣ የተገለበጠበት ቀንም አብሮ ይጻፍ።