ቀዝቃዛ ቡና፣ የቡና ቁርስና «አይስማማኝም» የምትለው ቃል

የኮሎምበስ ሐምሌ እንደ አዲስ አበባ ሐምሌ አይደለም። እዚያ ሐምሌ ማለት ዝናብ፣ ጭቃና በከሰል ምድጃ ዙሪያ ሰብሰብ ብሎ ቡና መጠጣት ነው። እዚህ ኦሃዮ ግን ወበቁ ሸሚዝን ከጀርባ ጋር ያጣብቃል። በዚህ ሙቀት ላይ ብረት ምጣድ ጥዶ ቡና መቁላት ራስን መቅጣት ነው። አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ የቡናው ሽታ ገና ማወድ ሲጀምር ጣሪያው ላይ የተለጠፈው የጭስ ደወል ይጮሃል። እንግዳ ሁሉ ፎጣ ይዞ ማራገብ ይጀምራል። ይህ ያልደረሰበት ስደተኛ ካለ እጁን ያውጣ!

ታዲያ ልጆቻችን መላ አምጥተውልናል፤ ቀዝቃዛ ቡና። መጀመሪያ ሲነግሩን «ቡና በበረዶ? ምን ጉድ ነው!» ያልን ሰዎች ዛሬ ማቀዝቀዣችን ውስጥ ማሰሮ ሙሉ አስቀምጠናል። ስለ አሠራሩ ላጫውታችሁ ብዬ ነው የተነሣሁት። ነገር ግን ቡና ብቻውን አይጠጣም፤ የቡና ቁርስ አለው። ዋናው ጉዳዬም እርሱ ላይ ነው።

ቡናው

በጀበና ስናፈላ ቡናው ጣዕሙን የሚሰጠው በሙቀት ኃይል ነው። በቀዝቃዛው መንገድ ሙቀት ስለ ሌለ በሙቀት ፈንታ ጊዜ እንሰጠዋለን፤ ጀበና በደቂቃዎች የሚሠራውን ቀዝቃዛ ውሃ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይወስድበታል። ቀዝቃዛ ውሃ መራራና ኮምጣጣ የሆኑትን ንጥረ ነገሮች በሙሉ አንጠፍጥፎ አያወጣም፤ በዚህ ምክንያት ለስለስ ያለ፣ ያለ ስኳርም የሚጠጣ ቡና ይወጣል።

አሠራሩ ይህ ነው። 125 ግራም የተቆላ ቡና ውሰዱ። አፈጫጩ ለጀበና እንደምናደርገው የላመ መሆን የለበትም፤ ከቅንጬ ትንሽ አነስ ያለ፣ ሸካራ ይሁን። ሙቀጫና ዘነዘና ያላችሁ ቀለል አድርጋችሁ ውቀጡት፤ ዱቄት የሆነውን በወንፊት አውጡት፤ እርሱን ለጀበና ታቆዩታላችሁ። ሸካራውን በንጹሕ የጠርሙስ ማሰሮ ውስጥ አድርጉና 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፤ አማስሉት፤ ከድናችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት። ማታ ካስቀመጣችሁት በማግስቱ ከቀትር በፊት ደርሶ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በቡና ማጣሪያ ወረቀት አጥልሉት። ሩብ ሊትር ያህሉን አተላው ስለሚጠጣው ተመልሶ የሚወጣው ሦስት አራተኛ ሊትር ገደማ ነው። ይህ ወፍራም ቡና ነውና እኩል ውሃ ወይም በረዶ ጨምራችሁ ጠጡት። እንዲሁ እንዳለ ከጠጣችሁት ሌሊቱን ኮርኒስ ስትቆጥሩ ታድራላችሁ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ለጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን ችግር አያመጣም ይላል፤ በቀዝቃዛ ቡና ይህን ልክ ሳያውቁ ማለፍ ቀላል ነው።

የትኛው ቡና ይሻላል? ይርጋጨፌን የመሰለው የታጠበ ቡና የአበባ ሽታው በሙቀት የሚነሣ ስለሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ግማሹን ይደብቅብናል። ያልታጠበው የሐረር ቡና ግን ፍሬያዊ ጣዕሙን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ምርጫዬ ሐረር ነው፤ የይርጋጨፌ ወዳጆች አትቀየሙኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ጀበና ይፈላል፤ እሳቱ ጀርሙን ይገድላል። ቀዝቃዛ ቡና እሳት አይቶ አያውቅም። ማሰሮውን በፈላ ውሃ እጠቡ፤ ቡናውን ከማቀዝቀዣ ውጭ አታሳድሩ፤ ከአንድ ሳምንት በላይ አታቆዩት። በ2017 ዴዝ ዊሽ ኮፊ የተባለው የኒው ዮርክ ድርጅት በጣሳ ያሸገውን ቀዝቃዛ ቡና ከገበያ የሰበሰበው አየር በሌለበት ጣሳ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚያመጣው መርዝ ሊፈጠር ይችላል በሚል ስጋት ነበር። ቤት ውስጥ አሽጎ ጓዳ ማስቀመጥ አያስፈልግም ማለት ነው።

የቡና ቁርሱ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ኮሎምበስ አንድ ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርተን ነበር። የስድስት ዓመት ልጃቸው ኦቾሎኒ ከነካው ሰውነቱ ያብጣል። አያቱ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ሳምንታቸው ነው። «ለውዝ አይስማማውም» ተብለው ተነግሯቸዋል። እርሳቸውም ሰምተዋል። ይዘውት ከመጡት ቆሎ ውስጥ ለውዙን አንድ በአንድ ለቅመው አወጡና ገብሱንና ሽምብራውን ለልጁ በእፍኛቸው ሰጡት። አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ከንፈሩ አበጠ፤ ሳል ጀመረው። እናቱ መርፌውን ጭኑ ላይ ወጋችው፤ አምቡላንስ ተጠራ። እግዚአብሔር ይመስገን ልጁ ተረፈ። አያቱ ግን ያን ቀን ያለቀሱት ለቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ለቅሜ አውጥቼለት ነበር እኮ!» ይሉ ነበር።

ጥፋቱ የእርሳቸው ነው ትላላችሁ? እኔ ጥፋቱ የቃል ነው እላለሁ። በአማርኛ «አይስማማኝም» የምንለው ለብዙ ነገር ነው። ወተት ሆድን ሲነፋ አይስማማኝም እንላለን፤ በርበሬ ሲያቃጥል አይስማማኝም እንላለን፤ ማታ ቡና ጠጥተን እንቅልፍ ሲነሣን አይስማማኝም እንላለን። ይህ ሁሉ የመጠን ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ከሆነ ያልፋል። አለርጂ ግን ሌላ ነገር ነው። የሰውነታችን የመከላከያ ኃይል በምግቡ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ጦር ያዘምትበታል፤ ለዚህ ደግሞ ብናኝ ይበቃል። ለውዙ ከቆሎው ቢለቀምም ዱቄቱ ገብሱ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ስንነግር «አይስማማውም» ማለት አይበቃም። «ብናኙ ይገድለዋል» ማለት ያስፈልጋል። ቃሉ ይከብዳል፤ ግን እውነቱ እርሱ ነው።

ሁለተኛው የቃል ወጥመድ «ለውዝ» ራሱ ነው። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ ለውዝ የዛፍ ፍሬ ነው፤ የአሮን በትር ያፈራችው እርሱን ነው፤ እንግሊዝኛው አልመንድ ይለዋል። በገበያ ቋንቋችን ግን ለውዝ ስንል ከመሬት ሥር የሚወጣውን ኦቾሎኒ ማለታችን ነው። ፒናት እርሱ ነው። በዘር ሐረግ ኦቾሎኒ የሽምብራና የምስር ዘመድ እንጂ የአልመንድ ዘመድ አይደለም። ሐኪም ፊት ቀርቦ «ለውዝ» ብሎ የሚያስተረጉም ወላጅ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ በግልጽ ይናገር። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸውና «እንግሊዝኛዬ ይበቃል» ብላችሁ አትለፉት።

የታሸገ ምግብ ሲገዛ

በአሜሪካ በ2004 የወጣው ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ስምንት ምግቦች በማሸጊያው ላይ በግልጽ ስማቸው እንዲጻፍ አስገደደ፤ እነርሱም ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እንደ ሽሪምፕና ሸርጣን ያሉ ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳት፣ የዛፍ ለውዞች፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴና አኩሪ አተር ናቸው። በ2021 በወጣው ሕግ ሰሊጥ ዘጠነኛ ሆኖ ተጨመረና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። የሁመራ ሰሊጥ ለእኛ ኩራታችን ነው፤ ሰሊጥ ለማይነካ ልጅ ግን ታሂኒም ሐላዋም ያው ሰሊጥ ናቸው። የሚገርመው ደግሞ ሕጉ ሲወጣ አንዳንድ ዳቦ ጋጋሪዎች ማሽናቸውን ከማጽዳት ይልቅ ሆን ብለው ሰሊጥ ዱቄት ዳቦው ውስጥ ጨምረው «አለበት» ብለው መጻፍን መረጡ። ትናንት ሰሊጥ ያልነበረበት ዳቦ ዛሬ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ክሮገርም አልዲም ገብታችሁ ለዓመታት የገዛችሁትን ዳቦ እንኳ በየጊዜው አንብቡት።

ጽሑፉ ሲነበብ ሦስት ነገር ይለይ። «ኮንቴይንስ» የሚለው ቃል ካለ ቀጥሎ የተጻፈው በእርግጥ ውስጡ አለ። ይህ ቃል ከሌለ ደግሞ የተቀመሙበትን ነገሮች ዝርዝር አንድ በአንድ ማንበብ ነው፤ ስሙ እዚያ ውስጥ ሊጻፍ ይችላልና። «ሜይ ኮንቴይን» የሚለው ግን በፋብሪካው በጎ ፈቃድ የሚጻፍ ነው፤ ሕግ አያስገድደውም። ስለዚህ አለመጻፉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

ጾም የሚጾሙ አንባቢዎች ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። «ቪጋን» የሚል ስናይ «የጾም ነው» ብለን እንገዛለን፤ ለጾሙ ይሆናል። የወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ዋስትና አይደለም፤ ወተት ባለፈበት ማሽን ሊሠራ ይችላል። ቡና ውስጥ የሚጨመረው «ነንዴይሪ» የተባለ ዱቄትም ብዙ ጊዜ ኬዚን የሚባል የወተት ፕሮቲን አለበት፤ ለጾምም ለአለርጂም አይሆንም። ቀዝቃዛ ቡናችንን በአልመንድ ወተት የምናነጣ ሰዎችም እንግዳችንን አስቀድመን እንጠይቅ።

ከዘጠኙ ውጭ ያሉት የእኛው ምግቦች ናቸው የበለጠ የሚያሳስቡኝ። ግብጦና አብሽ የኦቾሎኒ ዘመዶች ናቸው፤ ኦቾሎኒ የማይነኩ አንዳንድ ሰዎች በእነዚህም ይታመማሉ። የአውሮፓ ኅብረት ግብጦን ከሚያስገድዳቸው 14 ምግቦች ውስጥ አስገብቶታል፤ ሰናፍጭንም እንዲሁ። በአሜሪካ ግን ሁለቱም ከዘጠኙ ውስጥ የሉም። አብሽ ደግሞ በብዙ ቤት ሽሮና በብዙ ቤት ቅቤ ውስጥ አለ። ገብስም ከዘጠኙ አይደለም፤ «ኮንቴይንስ» ከሚለው ቀጥሎ የምታዩት ስንዴን ብቻ ነው። ስንዴም ገብስም የማይበሉ የሲሊያክ ሕሙማን «ገብስ» ወይም «ሞልት» የሚለውን ዝርዝሩ ውስጥ ይፈልጉ። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ነገር ግን እዚህ አገር ከሱቅ የምንገዛው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ነው፤ አገር ቤት የተፈጨ ጤፍም ስንዴ ባለፈበት ወፍጮ ሊያልፍ ይችላል። «ግሉተን ፍሪ» የሚል የተጻፈበት ምግብ በኤፍዲኤ ደንብ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 20 እጅ በታች ግሉተን እንዲኖረው ይገደዳል። ለሕመምተኛ ከሆነ ያ ጽሑፍ ያለበትን ፈልጉ።

በክሊቭላንድ አቬኑና በሞርስ ሮድ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ቆሎና የተቆላ ቡና በላስቲክ ታስሮ ይሸጣል። በኦሃዮ ሕግ ሰው በቤቱ የተቆላ ቡናና ደረቅ መክሰስ አዘጋጅቶ ያለ ፈቃድ መሸጥ ይችላል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለውን ሁሉ፣ አለርጂ የሚያመጣውንም ጭምር፣ በቤት የተዘጋጀ መሆኑንም በማሸጊያው ላይ መጻፍ አለበት። ትንሽ ነጋዴ ነኝ ማለት ከዚህ አያድንም። ሳይጻፍ የምታገኙ ከሆነ ባለ ሱቁን በወገንነት ጠይቁት፤ ቆሎ የምትሸጡ እህቶችና ወንድሞችም አንዲት ወረቀት ለጥፉበት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ከሆነ ደግሞ

ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ሰውነት ከዛለ፣ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፒነፍሪን ነው፤ ከዚያ 911 ይደወላል። ለማሳከክ የሚወሰደው ክኒን ይህን አያቆመውም፤ ወተት ማጠጣትም ዳማከሴም እንዲሁ። መርፌ ለሚፈሩ በ2024 በአፍንጫ የሚነፋ ኤፒነፍሪን በኤፍዲኤ ጸድቋል። ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የዚያ ልጅ አያት ዛሬም በየሰመሩ ይመጣሉ። ሻንጣቸው ውስጥ ሽሮና በርበሬ አለ፤ ቆሎ የለም። ቤት ሲደርሱ ከመቀመጣቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። እንግዳ ለልጁ ጉርሻ ሲዘረጋ «ቆይ፣ ምን አለበት?» ብለው የሚያስቆሙት እርሳቸው ናቸው። ፊደል ሳይቆጥሩ ከእኛ ከተማርነው በልጠው ተገኙ። ባለፈው ሐምሌ ቀዝቃዛ ቡናውን አቀረብኩላቸውና አንድ ጊዜ ቀምሰው ብርጭቆውን አስቀመጡት። «ልጄ፣ ይኼ ለእኔ አይስማማኝም» አሉ። ይህችኛዋ ግን የድሮዋ «አይስማማኝም» ናት፤ ጀበናውን ጣድኩላቸው።

ቸር ይግጠመን።