ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚጠፋው ምንድን ነው?
የወላጆች ሥጋትና የሳይንስ ምላሽ

እንደሚታወቀው በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ይፋ የሆነው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከሦስት ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 7 ቀን፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ መንግሥት ወሰነ። በዚህ አንድ ውሳኔ ከ26 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ተማሪዎች ቤታቸው ተቀመጡ። በዓለም ዙሪያም በዚያው ሰሞን ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከክፍላቸው ርቀው እንደነበር የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) አስታውቋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የወላጆች ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በሽታው ነው። ቀናት ወደ ሳምንታት፣ ሳምንታት ወደ ወራት ሲለወጡ ግን ሌላ ጭንቀት ተከተለ። «ልጄ ፊደል ለይቶ ሳይጨርስ ነው ቤት የዋለው፤ የያዘውንም ሊረሳው ነው» የሚል እናት፣ «እኔ ራሴ ያልተማርኩ ሰው ምን ብዬ ላስጠናው?» የሚል አባት በየመንደሩ ነበር። ልጆች ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥደው መዋላቸው፣ በትምህርት ቤት ምገባ ይጠቀሙ የነበሩ ሕፃናት ምሳቸውን ማጣታቸው፣ በገጠር ደግሞ ልጃገረዶች ያለ ዕድሜያቸው እንዳይዳሩ መፈራቱ በዚያው ላይ ተደራረበ።

ለመሆኑ ይህ ሥጋት ምን ያህል እውነት ነበር? ትምህርት ቤት ሲዘጋስ በትክክል የሚጠፋው ምንድን ነው? ከዓመታት በኋላ ዛሬ የጥናት ውጤቶች በእጃችን ስላሉ ጥያቄውን በረጋ መንፈስ መመርመር እንችላለን። በዚህ ጽሑፍም ይህንኑ ለመዳሰስ እንሞክራለን።

መጀመሪያውኑ ለምን ተዘጉ?

ውሳኔው መነሻ አልነበረውም ማለት አይቻልም። በኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ጊዜ ሕፃናት ዋነኛ የበሽታው አስተላላፊዎች እንደሆኑ ቀድሞ የታወቀ ነው። በእኛ አገር «የኅዳር በሽታ» እየተባለ የሚታወሰው የ1911 ዓ.ም. ወረርሽኝ በዓለም ላይ ሲዛመት 43 የአሜሪካ ከተሞች የወሰዷቸውን እርምጃዎች ያነጻጸረ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ትምህርት ቤት መዝጋትንና ስብሰባ መከልከልን የመሳሰሉ እርምጃዎችን ቀደም ብለው የጀመሩና ለረዥም ጊዜ ያቆዩ ከተሞች ያነሰ ሞት እንደደረሰባቸው አሳይቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ክትባት አልነበረም፤ ስለ አዲሱ ቫይረስ የሚታወቀውም ጥቂት ነበር። ስለዚህ መንግሥታት የሚያውቁትን የኢንፍሉዌንዛ ልምድ ተከተሉ።

በኋላ እንደታየው ግን ኮቪድ-19 ኢንፍሉዌንዛን አልሆነም። ሕፃናት በቫይረሱ ቢያዙና ለሌላው ቢያስተላልፉም አብዛኞቹ በጽኑ አይታመሙም፤ ከባዱ አደጋ በአረጋውያንና ተደራቢ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ነበር። በዚህም ምክንያት ልጆቹ የከፈሉት ዋጋ በአብዛኛው አያቶቻቸውን ለመጠበቅ የተከፈለ ነበር ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ዋጋው ስንት እንደነበር ማወቅ የሚገባንም ለዚህ ነው።

ኔዘርላንድስ ምን አሳየች?

የትምህርት ኪሳራን መለካት ቀላል አይደለም። ተማሪው ባይዘጋበት ኖሮ ምን ያህል ያውቅ እንደነበር ማንም ሊያየው አይችልምና። በኔዘርላንድስ ግን አጋጣሚው ለተመራማሪዎች ተመቸ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች በዓመት ሁለት ጊዜ አገር አቀፍ ፈተና ይወስዳሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. አንዱ ፈተና ልክ ከመዘጋቱ በፊት፣ ሁለተኛው ትምህርት ቤቶች እንደተከፈቱ ተሰጠ። በመካከሉ የተዘጉት ለ8 ሳምንታት ብቻ ነበር። አገሪቱም ፈጣን ኢንተርኔት በቤቱ የሌለው ሰው የማይገኝባት ናት ለማለት ይቻላል።

ውጤቱ አስደንጋጭ ሆነ። ተማሪዎቹ በአማካይ ያጡት የአንድ የትምህርት ዓመት አንድ አምስተኛ ያህል ነበር፤ ይህም ትምህርት ቤቶቹ ተዘግተው ከቆዩበት ጊዜ ጋር የሚመጣጠን ነው። በሌላ አነጋገር በቤታቸው ሳሉ የጨመሩት ዕውቀት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩ ልጆች ላይ ደግሞ ጉዳቱ እስከ 60 በመቶ ከፍ ያለ ሆነ። ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ያለች እናት ሥጋት ከንቱ ነው ሊባል አይችልም።

14 ሳምንታት እንዴት ሁለት ዓመት ይሆናሉ?

ይሁን እንጂ ዋናው ቁም ነገር በተዘጉት ሳምንታት ብዛት ውስጥ አይደለም። ይህን በግልጽ ያሳየው ወረርሽኝ ሳይሆን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በጥቅምት 8 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. በሰሜን ፓኪስታን የደረሰው ርዕደ መሬት ከ70,000 በላይ ሰዎችን ገደለ። በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶችም በአማካይ ለ14 ሳምንታት ያህል ተዘጉ። ከአራት ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ወደ ስፍራው ሲሄዱ ቤቶች ተሠርተዋል፤ የቤተሰቦች ኑሮም በእርዳታ አገግሟል። የልጆቹ የትምህርት ደረጃ ግን ከአደጋው ርቀው ይኖሩ ከነበሩ እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ።

14 ሳምንታት እንዴት ሁለት ዓመት ሊሆኑ ቻሉ? አሳማኙ ማብራሪያ የሚከተለው ነው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መምህሩ የሚጀምረው ልጁ ካቆመበት ሳይሆን መጽሐፉ ከደረሰበት ምዕራፍ ነው። ማካፈልን ያልጨረሰ ልጅ ስለ ክፍልፋይ ይነገረዋል፤ ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ዓመቱ ሲያልፍ የአልጀብራ እኩልታ ይቀርብለታል። መሠረቱ የጎደለ ግድግዳ ላይ ድንጋይ እንደ መደርደር ማለት ነው። ስለሆነም ኪሳራው በሩ ሲከፈት አያቆምም፤ በየዓመቱ ይወለዳል፣ ይዋለዳል።

ከዚሁ ጥናት የተገኘ ሌላ ውጤት አለ። እናቶቻቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ያጠናቀቁ ልጆች ወደ ኋላ አልቀሩም። እነዚህ እናቶች ምሁራን አልነበሩም፤ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ብቻ ነው ያላቸው። ከዚህ የምንረዳው ልጁ ምን እንደጎደለው አይቶ ጥቂት የሚደግፈው አንድ ሰው በቤት ውስጥ መኖሩ የቱን ያህል ዋጋ እንዳለው ነው።

የረሳነው ሁሉ ጠፍቷልን?

የብዙ ወላጆች ፍርሃት «ሁሉንም ረስቶታል» የሚል ነው። እዚህ ላይ ሳይንስ ጥቂት መጽናኛ አለው። ጀርመናዊው ሊቅ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ ሁለት ነገሮችን አስተዋለ። አንደኛ፣ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ፈጣን ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እየዘገየ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የተረሳ የሚመስለውን ነገር እንደገና ለማጥናት የሚወስደው ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወሰደው ያነሰ ነው። አእምሮ አሻራውን ይዞ ይቆያል ማለት ነው።

አሻራውን የሚያጠነክረውስ ምንድን ነው? በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ወገን ጽሑፉን ደግሞ እንዲያነብ፣ ሌላው ወገን ጽሑፉን ዘግቶ የሚያስታውሰውን በወረቀት እንዲያሰፍር ተደረገ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን ሲያስታውሱ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶውን አስታወሱ። ውድ ተማሪ አንባብያን ሆይ፣ ደብተር ከፍቶ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ደብተሩን ዘግቶ ራስን መጠየቅ እንደሚበልጥ ከዚህ ልብ ይሏል። ይህ ዘዴ ኢንተርኔትም ሆነ መብራት አይጠይቅም።

ራዲዮ፣ ቴሌግራም ወይስ ሰው?

በአገራችን በተዘጋው ጊዜ በራዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይተላለፍ ነበር። በከተማ ያሉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶችም በቴሌግራም የቤት ሥራና ማስታወሻ ይልኩ ነበር። ጥረቱ የሚመሰገን ቢሆንም ራዲዮ ወይም ስማርት ስልክ የሌለው ቤተሰብ ከዚህ ማዕድ አልተቋደሰም። ያለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ አንዲቱ ስልክ የአባትየው ስለሆነች ሥራ ቦታ ትውላለች።

በቦትስዋና የተደረገ ሙከራ ግን ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። እዚያ ተመራማሪዎች በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዱ ወገን በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በአጭር የስልክ መልእክት ብቻ ተላከለት። ለሁለተኛው ወገን ከመልእክቱ በተጨማሪ አስተማሪ እየደወለ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከወላጅና ከልጅ ጋር አብሮ ይሠራ ነበር። ሦስተኛው ወገን ምንም አልተሰጠውም። ግልጽ መሻሻል የታየው በተደወለላቸው ልጆች ዘንድ ነው። ለመደወል ደግሞ ተራ ስልክ በቂ ነበር። ሙከራው በኋላ በሌሎች አምስት አገሮች ተደግሞ ተመሳሳይ ውጤት አስገኝቷል። ከዚህም ለውጡን ያመጣው የመሣሪያው ዘመናዊነት ሳይሆን ልጁ የሚችለውን መዝኖ በዚያው ልክ የሚያስተምር ሰው መሆኑን እንገነዘባለን።

የ3.3 በመቶው ውጤት

ብዙዎች የሚያስታውሱት አንድ አኃዝ አለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሲዘጋ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ታዲያ ጥፋቱ የወረርሽኙ ነውን?

እንዲህ ብሎ መደምደም ሳይንሳዊ አይሆንም። በዚያው ዓመት ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ እንዲሰጥ ተደርጎ ኩረጃን መከላከል ጠብቆ ነበር። በአንዳንድ አካባቢዎች ጦርነት ነበር። የትምህርት ጥራት ችግርም ከወረርሽኙ በፊት የነበረ ነው። ብዙ ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲለወጡ የእያንዳንዱን ድርሻ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም። ነገር ግን አንድ ነገር እርግጥ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ተማሪዎች የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና ሳይወስዱ ወደ ቀጣዩ ክፍል ተዛውረዋል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱም በፈረቃ የሚማሩት ብዙዎች ነበሩ። ማን ምን እንደጎደለው ሳይታወቅ ወደ ፊት መጓዝ ደግሞ ቀደም ሲል በፓኪስታን ያየነው መንገድ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። በትግራይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ከተጀመረ በኋላ በርካታ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ተዘግተው ቆይተዋል። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በግጭት ምክንያት እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ነገም ሌላ ወረርሽኝ ሊመጣ ይችላል። የወላጆች ሥጋት ትክክል እንደነበር አይተናል፤ ዓይኑን ሊያሳርፍበት የሚገባው ግን በተዘጋው በር ላይ ብቻ ሳይሆን በሩ ከተከፈተ በኋላ በሚሆነው ላይ ጭምር ነው።

ስለሆነም መምህራን በተመለሰው ተማሪ ፊት መጽሐፉን ከመክፈታቸው በፊት የሚችለውንና የማይችለውን በአጭር ፈተና ቢለዩ፣ ልጆችንም በክፍላቸው ሳይሆን በደረሱበት ደረጃ ለጥቂት ሳምንታት ቢያስተምሩ መልካም ነው። ያልተማረ ወላጅም ከንቱ አይደለም። ማንበብ ባይችል እንኳ «ዛሬ የተማርከውን ደብተርህን ሳታይ ንገረኝ» ማለት ይችላል፤ ይህች አንዲት ጥያቄ ሮዲገርና ካርፒኪ ያረጋገጡት ዘዴ ናት።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን መጽሔት የምታነቡ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታላቅ ወንድምና ታላቅ እኅት ናችሁ። በፓኪስታን ልጆችን ከመውደቅ ያዳነው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ያላት እናት ከሆነች፣ እናንተ ከዚያ የበለጠ በእጃችሁ አለ። ለእረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ታናናሾቻችሁንና የጎረቤት ልጆችን ሰብስባችሁ በቀን 20 ደቂቃ ብታስነብቡና ብታስቆጥሩ፣ ሳይማር ያስተማራችሁን ወገን ውለታ በከፊል ከፈላችሁ ማለት ነው እንላለን።