የአሮጌው ሸክላ ምስክርነት

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በኢተያ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ፣ በአያቱ ሣጥን ውስጥ በጠላት ወረራ ዘመን የመጣ የሙዚቃ ሸክላ አገኘ እንበል። ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከር፣ ቢወድቅ የሚሰበር፣ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚያሰማ ነው። ተማሪው በግራሞፎን ላይ ቢያስቀምጠው ዜማው ደስ ያሰኘዋል፤ እግሩንም ለሰልፍ ያነሣሣዋል። በሸክላው ላይ በጣሊያንኛ የተጻፈው ርእስ ግን «ፋቼታ ኔራ» የሚል ነው፤ ትርጉሙም «ትንሿ ጥቁር ፊት» ማለት ነው።

የዚህን ዘፈን ግጥም ሬናቶ ሚኬሊ፣ ዜማውን ደግሞ ማሪዮ ሩቾኔ የደረሱት በ1927 ዓ.ም. ነው። ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መውረር የጀመረችው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዘፈኑ ከጦሩ ቀድሞ ዘምቷል ማለት ይቻላል። ግጥሙ አንዲትን ኢትዮጵያዊት ልጃገረድ እንደ ባሪያ ይሥላትና ወታደሮቹ ነፃ ሊያወጧት እንደሚመጡ ያበሥራታል። እርስዋ ግን በዘፈኑ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ አትናገርም።

የተስፋው ሐሰትነት ለመገለጥ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ቀናት የአዲስ አበባ ሕዝብ ያለ ርኅራኄ ተጨፈጨፈ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር የወጣው የፋሽስት ሕግ ደግሞ፣ ከቅኝ ግዛቱ ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ኢጣሊያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ባለሥልጣኖቹም ዘፈኑ ነጭንና ጥቁርን ያቀራርባል በማለት ጠሉት። እንግዲህ ዘፈኑ ሴቲቱን እንደ ምርኮ፣ ሕጉም እንደ ርኩስ ቈጠራት፤ ሁለቱም እንደ ሰው አላዩዋትም።

ታዲያ ተማሪው ሸክላውን ሊሰብረው ይገባልን? ቢሰብረው የበደሉ ምስክር ይጠፋል። ታሪኩን ሳይናገር ለጌጥ ቢሰቅለው ደግሞ ስድቡን ያከብራል። የሚሻለው መቼ፣ በማን፣ ለምን ዓላማ እንደ ተሠራ ጽፎ ከሸክላው ጋር ማኖር፣ አያቱንም ስለዚያ ዘመን የሰሙትን መጠየቅ ነው። ዜማ ስላማረ ቃሉ እውነት አይሆንም፤ ዕቃ ስላረጀም ከመመርመር አያመልጥም።

መልመጃ፦ በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ የቆየ ዕቃ ምረጡ። ማን፣ መቼና ለምን እንደ ሠራው ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ በሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።