የትምህርት ማስረጃ ለውጭ አገር የሚረጋገጥበት መንገድና የትምህርት ቤት ኃላፊነት

ከድሬዳዋ ተነሥቶ በውጭ አገር ትምህርቱን ለመቀጠል የሚሻ ተማሪ የሚይዘው ማስረጃ በሄደበት አገር እንዲታመን አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ማረጋገጡም እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። የሰጪው ክፍል ፊርማና ማኅተም ሥልጣን ባለው የበላይ መሥሪያ ቤት ይመሰከራል፤ ቀጥሎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም የተቀባዩ አገር ኤምባሲ ያረጋግጡታል። በ1954 ዓ.ም. የተፈረመው የሄግ ስምምነት ይህን ሁሉ በአባል አገሮች መካከል በአንድ የምስክር ወረቀት ተክቶታል፤ ስምምነቱ በማይሠራባቸው አገሮች መካከል ግን ሰንሰለቱ እንደ ጸና ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዐቢይ ነጥብ አለ። እያንዳንዱ ማኅተም የሚመሰክረው ከእርሱ በፊት ለሰፈረው ፊርማና ማኅተም እንጂ በሰነዱ ለተጻፈው ቃል አይደለም። ስለዚህ በትምህርት ቤት መዝገብ የገባ ስሕተት ማኅተም እየተደረበበት እስከ ኤምባሲ ይዘልቃል።

አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በሚነገሩባት ድሬዳዋ መሐመድ የሚለው አንድ ስም እንኳ በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ መልክ ይጻፋል። የዘመን አቈጣጠሩም ጥንቃቄ ይሻል። ጥር 10 ቀን 1998 ዓ.ም. በጎርጎርዮስ አቈጣጠር በ2006 ሲውል፣ የዚያው ዓመት መስከረም 10 ግን በ2005 ይውላል። ዘወትር ስምንት የሚደምር ጸሐፊ በመስከረም የተወለደውን ተማሪ በማስረጃውና በፓስፖርቱ ሁለት ሰው ያደርገዋል።

ስለሆነም ርእሰ መምህሩና የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስምንና የልደት ቀንን ከልደት ምስክር ወረቀት ጋር አመሳክረው፣ ተማሪው ገና በትምህርት ገበታ ላይ ሳለ ማረም ይገባቸዋል። ዘግይቶ የሚመጣ እርማት ተማሪውን ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ መልሶ ሰንሰለቱን ከሥሩ ያስጀምረዋል፤ የውጭው ትምህርት ቤት የምዝገባ ቀን ግን አይጠብቀውም።