ጥርስ ውስጥ ገብቶ መቆየት፦ በኢንተርኔት ጌሞች የታንክ ሥራ

በኢንተርኔት በቡድን የሚካሄዱ የጀብዱ ጌሞችን ለሚያይ ሰው መጀመሪያ ግራ የሚያጋባው ነገር የጭራቁ ባህርይ ነው። ጭራቁ በሰይፍ የሚቆራርጡትን፣ በእሳት የሚያቃጥሉትንና ቁስለኛ የሚፈውሱትን ትቶ ጥሩር የለበሰውን አንዱን ተጫዋች ብቻ ይደበድባል። ይህ ተጫዋች ታንክ ይባላል። ብዙ ሰው የታንክ ሥራ ዱላ መቻል ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ጭራቁ ፊቱን ወደ ሌላ ካዞረ ጋሻው ለማንም አይተርፍም፤ ዋናው ችሎታ የጠላትን ትኩረት ይዞ ማቆየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን እንውሰድ። እያንዳንዱ ጠላት ማን ምን እንዳደረሰበት የሚይዝበት የቂም መዝገብ አለው፤ ነጥቡን ተጫዋቾች «ትሬት» ይሉታል። በቀድሞው የጌሙ ስሪት አንድ የጉዳት ነጥብ በመሠረቱ አንድ ትሬት ያስመዘግባል። ፈውስ በግማሽ ስለሚቆጠር ጓዱን ያዳነም ጥርስ ውስጥ ይገባል። ታንኩ 1,000 ነጥብ ይዞ ጭራቁን ቢቆጣጠር፣ በቅርብ የሚዋጋ ጓዱ ጭራቁን የሚነጥቀው 1,100ን ሲያልፍ፣ ከሩቅ የሚተኩሰው ደግሞ 1,300ን ሲያልፍ ነው። የታንኩ ምት ደካማ በመሆኑ ጌሙ ትሬቱን ያባዛለታል። ጭራቁ ካመለጠው «ታውንት» የተባለው ችሎታ ነጥቡን ከመሪው ጋር ያስተካክልለትና ጭራቁን ለጥቂት ሰከንዶች ወደ እሱ ያስገድደዋል። በእነዚያ ሰከንዶች ነጥቡን ካላሳደገ ግን ጭራቁን መልሶ ያጣዋል።

ስለዚህ ትኩረት መያዝ የታንኩ ብቻ ሳይሆን የመላው ቡድን ኃላፊነት ነው። 40 ሰው በአንድነት በሚዘምትባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት ውጊያዎች አንድ ትዕግሥት ያጣ ተኳሽ ጭራቁን በፈዋሾች ላይ አምጥቶ ሁሉንም ሊያስፈጅ ይችል ነበር። ብርቱ ምት ያለው ሁሉ ለጓዶቹ ሲል ራሱን መግታት ነበረበት።

«አስተዋይ ጠላት እኮ መጀመሪያ ፈዋሹን ይገድላል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፤ ሰው ከሰው ጋር ሲጫወት የሚሆነውም ይኸው ነው። ጭራቁም እንደ ሰው ቢያስብ ኖሮ ግን የብርቱው ጋሻ ደካማውን ማዳን ባልቻለ፣ እያንዳንዱም ለየራሱ በሮጠ ነበር። የቂም መዝገቡ ከእውነታ የራቀ ቢሆንም መተጋገዝን ትርጉም ያለው ያደርጋል።

ሌሎች ደግሞ ሥራው ዛሬ ቀሏል ይላሉ። የወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ሠሪ ብሊዛርድ በነሐሴ 2011 (እ.ኤ.አ.) የታንኮችን ትሬት ከጉዳታቸው 3 እጥፍ ወደ 5 እጥፍ አሳድጎታል፤ ፋይናል ፋንታሲ 14 የተባለው ጌምም በ2019 ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። የቀለለው ግን የነጥቡ እሽቅድድም ነው። እሳት የሚተፋን ዘንዶ ፊት ከጓዶች ማዞር፣ የተበታተኑ ጠላቶችን አንድ ቦታ መሰብሰብ፣ የጭራቁ ምት ሲከብድ በታውንት ከሁለተኛው ታንክ ጋር መፈራረቅ ዛሬም የታንክ ሥራ ነው።

ታንክ ሥራውን በሚገባ ሲሠራ ሌሎቹ አደጋው መኖሩን እንኳ ሳያስተውሉ ይዋጋሉ። ከጉዳት ሰንጠረዥ አናት መቀመጥ ለምትወዱ ተጫዋቾች ምክሬ አጭር ነው፤ ውጊያው ሲጀመር ታንኩ ጭራቁን በሚገባ እስኪይዝ ጥቂት ታገሱት።