መኪናዎ የሞቀው መቼ ነው? ከጋራዥ በፊት ራስዎን የሚጠይቁት ጥያቄ

በዚህ ዓምድ ስለ ሽያጭ ታክስ፣ ስለ ንግድ ፈቃድና ስለ መኖሪያ ወረቀት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ የማነሣው ስለ ሞተር ሙቀት ነው። «የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ሞተር ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። የሚያገባኝ በደረሰኝ በኩል ነው። የታክስ ወቅት ሲደርስ ከሮውሌትና ከጋርላንድ የታክሲ ባለንብረቶችና ባለሱቆች ደረሰኛቸውን በካርቶን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ከካርቶኑ ውስጥ የጁላይና የኦገስት የጋራዥ ወረቀት ብቻውን አንድ ክምር ይሆናል።

ከነዚህ አንዱን ላንሣ። አንድ ደንበኛዬ በአንድ በጋ ውስጥ አራት ደረሰኝ ሰበሰበ። መጀመሪያ ቴርሞስታት ተቀየረ። መኪናው እንደገና ሞቀ። ቀጥሎ ራዲያተር ተቀየረ፣ ሞቀ። ከዚያ የውሃ ፓምፕ ተቀየረ፣ አሁንም ሞቀ። በአራተኛው ጊዜ የተገኘው ጥፋት ቬንትሌተሩን የሚያስነሣው ትንሽ ሪሌይ መቃጠሉ ነበር። ሪሌይ ማለት ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ከሁሉም ያነሰ ነበር። ከአራቱ ደረሰኞች ሦስቱ የተከፈሉት ለግምት ነው ማለት ነው። ሰውዬው በመጀመሪያው ቀን «የሚሞቀው ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ስቆም ብቻ ነው፤ መንገድ ላይ ስነዳው ይቀዘቅዛል» ብሎ ቢናገር ኖሮ፣ ደኅና መካኒክ በቀጥታ ወደ ቬንትሌተሩ በሄደ ነበር። ሳይናገር የቀረው የጠየቀው ስላልነበረ ነው።

እንግዲህ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። ሞተር «ሞቀ» ብቻ አይባልም፤ መቼና እንዴት ሆኖ እንደ ሞቀ ይነገራል። ይህን የሚያውቀው መሪውን የያዘው ሰው ብቻ ነው።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ግን መንገድ ላይ ሲገጥምዎ ምን ማድረግ እንዳለብዎ እንይ። ብዙ ሞተር የሚሞተው በሞቀበት ሰዓት ሳይሆን፣ ሞቆም ሳለ «እስከ ቤት ያድርሰኝ» ተብሎ በተነዳበት ሰዓት ነው። የዛሬ ሞተር ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይጣመማል፤ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮንም ይቃጠላል። ያን ጊዜ የአንድ ቱቦ ጥገና የነበረው ወደ ሞተር ሥራ ይለወጣል። ስለዚህ ቀስቱ ከተለመደው ቦታው ከፍ ማለት ሲጀምር ወዲያውኑ ኤሲውን ያጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱት፣ መስኮቱንም ያውርዱ። በቴክሳስ በጋ ማሞቂያ መክፈት ቅጣት ይመስላል። ነገር ግን ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይቀንስለታል። ቀስቱ ካልወረደ ወይም እንፋሎት ካዩ፣ በሬይ ሃበርድ ሐይቅ ድልድይ ላይም ቢሆኑ፣ ወደ ዳር ወጥተው፣ የአደጋ መብራት አብርተው፣ ሞተሩን ያጥፉ። ተሳፋሪ ካለ ሌላ ታክሲ ይጥሩለት። የአንድ ጉዞ ሒሳብ ቢቀርብዎ ይሻላል።

የራዲያተሩን ክዳን ግን እንዳይነኩ! ውስጡ ያለው ፈሳሽ በግፊት የታፈነ ነው። በ15 ፒ.ኤስ.አይ ክዳን የታሰረ፣ ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት የሚፈላው ወደ 265 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ሲደርስ ነው። ክዳኑን ሲከፍቱ ግፊቱ በቅጽበት ይጠፋና ፈሳሹ ሁሉ በአንዴ ፈልቶ ፊትዎ ላይ ይወጣል። ማኒኮቶው፣ ማለትም የጎማ ቱቦው፣ በእጅ ሲጨመቅ ልል እስኪሆን ይጠብቁ። ሰዓት ቢፈጅም ይጠብቁ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ መቼ ሞቀ?

መኪናው ቆሞ ወይም በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ እየተንፏቀቀ የሚሞቅ፣ በሃይዌይ ሲሮጥ ግን የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ የጎደለው አየር ነው። ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ በራዲያተሩ ውስጥ ያልፋል፤ ሲቆም ግን አየር የሚስብለት ቬንትሌተሩ ብቻ ነው። ፍተሻው ቀላል ነው። ሞተሩን አስነሥተው፣ ኤሲውን ከፍተው፣ ኮፈኑን ያንሡ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቬንትሌተር ባላቸው አብዛኞቹ መኪናዎች ኤሲ ሲከፈት ቬንትሌተሩ ብዙም ሳይቆይ መዞር አለበት። ካልዞረ በመጀመሪያ ፊውዙን ይዩ፤ ቀጥሎ ሪሌዩን ከአጠገቡ ካለ ቁጥሩ ከሚመሳሰል ሪሌይ ጋር ቀያይረው ይሞክሩ። ቬንትሌተሩ ራሱ መቃጠሉን የሚያጣሩት ከዚያ በኋላ ነው። እጅዎንና ክራባትዎን ከቬንትሌተሩ ያርቁ፤ ሞተር ጠፍቶም ሊነሣ ይችላል። ቬንትሌተሩ እየዞረ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ በኤሲው ኮንዴንሰርና በራዲያተሩ መካከል ይመልከቱ። ላባ፣ ነፍሳትና የፕላስቲክ ከረጢት ሞልቶት ያገኙታል። በጓሮ ውሃ ቱቦ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ያጥቡት።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ፣ በከተማ ውስጥ ደኅና፣ በጆርጅ ቡሽ ተርንፓይክ ላይ በ70 ማይል ሲሮጥ ግን የሚሞቅ ከሆነ፣ የጎደለው የውሃው ዝውውር ነው። ራዲያተሩ ከውስጥ በዝገትና በደለል ተደፍኖ ይሆናል፤ የውሃ ፓምፑ ደክሞ ይሆናል፤ ወይም የታችኛው ማኒኮቶ አርጅቶ፣ ሞተሩ ሲፈጥን እየተመጠጠ ይጣበቃል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ መኪናው ቆሞ ሲያዩት ቱቦው ደኅና ነውና። ረዳት ነዳጅ እየሰጠ እርስዎ ታችኛውን ቱቦ ይመልከቱ።

ከተነሣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ፣ በቀዝቃዛ ጠዋት ሳይቀር የሚሞቅ ከሆነ፣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የላይኛው ማኒኮቶ እጅግ ሞቆ የታችኛው ቀዝቃዛ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ቴርሞስታት ከጥቂት ዶላር የማይበልጥ ዕቃ ስለሆነ በአሮጌ መኪና ላይ መቀየሩ አይቆጭም። የተወለቀውን ለማረጋገጥ ከፈለጉ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስገብተው ምድጃ ላይ ይጣዱት። 195 ዲግሪ የተጻፈበት ከሆነ ውሃው ሊፈላ ሲቃረብ መከፈት ሲጀምር በዓይንዎ ያዩታል። ድስቱን ግን ለወጥ አይመልሱት።

ሌላም ምልክት አለ። ሞተሩ ሞቆ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከሰጠዎ፣ ብዙውን ጊዜ ውሃ ጎድሏል ወይም ውሃው አይዘዋወርም ማለት ነው። በተለይ አደገኛው ቀስቱ ቀይ ላይ ደርሶ ሳለ በድንገት ወደ ቀዝቃዛ የወረደ እንደሆነ ነው። «በረደ» ብለው እንዳይደሰቱ። የሙቀት መለኪያው ጫፍ ውሃ ካልነካው በትክክል አያነብም፤ ውሃው አልቆ ይሆናል።

ውሃ በየሳምንቱ እየጎደለ መሬት ላይ ጠብታ ካላዩስ? ይህ የሁሉም ከባዱ ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውሃው ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ሊሆን ይችላል። ከጭስ ማውጫው ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል፤ በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይፍለቀለቃል። ሦስቱም የግድ አብረው አይታዩም። ማረጋገጫው አለ። አንደኛው የግፊት መሞከሪያ ነው። አውቶዞንና ኦራይሊን የመሳሰሉ መደብሮች መሣሪያ በመያዣ ገንዘብ ያበድራሉ፤ ሲመልሱ ገንዘብዎን ይመልሳሉ። ሁለተኛው ከራዲያተሩ አፍ ላይ አየር ስቦ በሰማያዊ ፈሳሽ የሚያሳልፍ መሞከሪያ ነው። የተቃጠለ ጋዝ ካለ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይህ ምርመራ ሳይደረግ «ቴስታታህ ሄዷል» የሚልዎ ካለ፣ ሞተር ከማስፈታትዎ በፊት ሌላ ሰው ያሳዩ።

ከአገር ቤት ይዘነው ስለ መጣነው ልማድም ልናገር። በአዲስ አበባ ላዳ የነዳ ሰው ከኋላ ጄሪካን ውሃ ሳይዝ ወደ እንጦጦ አይወጣም ነበር። ምክንያትም ነበረው። በአዲስ አበባ ከፍታ ክፍት ድስት ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ክዳኑ ግፊት የማይዝ አሮጌ መኪና ቶሎ ይፈላል። እዚህ ግን ውሃ ብቻ መሙላት ከመንገድ ለመውጣት ካልሆነ አይጠቅምም። ውሃ ብቻ ያዛግጋል፤ ከዚያም ይበልጥ ክረምት አለ። በፌብሩዋሪ 16 ቀን 2021 በዲኤፍደብሊው ኤርፖርት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ፋራናይት ደርሷል። በበጋ ውሃ ብቻ ተሞልቶ የተረሳ ሞተር በእንዲህ ያለው ሌሊት በረዶ ሆኖ ብሎኩ ይሰነጠቃል። አንቲፍሪዝና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ይሁን። ያረጀውን ፈሳሽ ደግሞ በመንገድ ዳር ወዳለው የዝናብ ውሃ መውረጃ አይድፉት። ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ለልጅም ለውሻም ገዳይ ነው። ሬይ ሃበርድም የዳላስ ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚቀዳበት ሐይቅ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ቴርሞስታትን አውልቆ መጣል ነው። «ይህ ሞቃት አገር ነው፣ ምን ያደርግልናል» የሚሉ አሉ። የዘመናዊ መኪና ኮምፒውተር ሞተሩ በጊዜው አለመሞቁን አይቶ ፒ0128 የሚባለውን ኮድ ይመዘግባል፤ የቼክ ኤንጂን መብራትም ይበራል። ቴክሳስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለግል መኪና የደኅንነት ምርመራን አስቀርታለች። የጭስ ምርመራ ግን በዳላስና በሮክዎል ካውንቲዎች አልቀረም። ሮውሌት ደግሞ በነዚሁ በሁለቱ ውስጥ የተዘረጋ ከተማ ነው። መብራቱ በርቶ ምርመራውን አያልፉም፤ ሳያልፉም መኪናዎን አያስመዘግቡም።

ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውንም አልመክርም። ቀዳዳውን ደፍኖ የማሞቂያውን ቀጭን ቱቦም አብሮ ይደፍናል። እሱን አፍስሶ መኪናውን ለወገኑ የሚሸጥ ሰው ግን ጉዳዩ ከመካኒክ ጋር ሳይሆን ከሕሊናው ጋር ነው።

ስለ መኪናው ዓይነትም አንድ ነገር ልበል። ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያን በ2011 ማምረት አቁሟል፤ አሁንም የያዙት አሉ። ከ1996 እስከ 2001 ከተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ውሃ የሚያልፍበት የፕላስቲክ ማኒፎልድ ከፊት በኩል ይሰነጠቅ ነበር። ከፊት ለፊት አሉሚኒየም የተገጠመለት ከሆነ ተቀይሯል ማለት ነው። ከ2010 እስከ 2015 የተሠራው ቶዮታ ፕሪየስ ደግሞ የውሃ ፓምፑ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ቺንጋ ፍለጋ ጊዜ አያጥፉ፤ ኮዱን ያስነብቡ።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ። በመኪናዎ ውስጥ ትንሽ ደብተር ይያዙ። ቀን፣ የሞቀበት ሰዓት፣ ቆሞ ወይስ ሲሮጥ፣ ኤሲ በርቶ ወይስ ጠፍቶ፣ ምን ያህል ውሃ እንደ ጨመሩ፣ ማይሉንም ይጻፉ። ለመካኒኩ ያንን ያሳዩት። «ምርመራውን ለብቻ ስንት ታስከፍላለህ?» ብለው ይጠይቁ፣ ግምቱን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ይጠይቁ። በጓደኝነት የሚሠራልዎ ከሆነም ደረሰኝ ይጻፍልዎ።

ያው የማይል ደብተር ለታክስም ያገለግላል። የግል ሥራ ያለው ሰው የመኪና ወጪውን በሁለት መንገድ ይቀንሳል፤ በማይል ተመን ወይም በእውነተኛ ወጪ። አይ.አር.ኤስ. ለ2024 በማይል 67 ሳንቲም፣ ለ2025 ደግሞ 70 ሳንቲም ተምኗል። በማይል ተመን የሚያስገባ ሰው የራዲያተር ደረሰኝ ለብቻው መቀነስ አይችልም፤ ጥገናው በተመኑ ውስጥ ተቆጥሯል። ፓርኪንግና የመንገድ ቶል ግን ይጨመርለታል። በእውነተኛ ወጪ የሚያስገባ ግን ጥገናውንም ተጎታቹንም፣ መኪናው ለሥራ በዋለበት መጠን፣ ይቀንሳል። የራስዎ መኪና ከሆነ በማይል ተመን መጠቀም የሚችሉት ለሥራ ባዋሉበት በመጀመሪያው ዓመት ከመረጡት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ እውነተኛ ወጪ መዞር ይቻላል፤ ስለዚህ አሮጌ መኪና የሚገዙ ሁሉ የመጀመሪያውን ዓመት ውሳኔ በችኮላ አያድርጉት። ሙሉ ሞተር ማስቀየር ደግሞ እንደ ተራ ጥገና ላይታይና በብዙ ዓመት ተከፋፍሎ ሊቀነስ ስለሚችል፣ ደረሰኙን ለብቻው ለይተው ያምጡት።

በየዓመቱ የሚቀርብልኝ ጥያቄም አለ። «መኪናዬ ለሁለት ሳምንት ጋራዥ ቆሞ ሥራ ፈትቻለሁ፤ ያጣሁትን ገቢ ላስቀንስ?» አይቻልም። ያልገባ ገንዘብ እንደ ገቢ አልተመዘገበም፤ ስለዚህ የሚቀነስ ነገር የለም።