ትይዩ ጎኖችና የማሳ ስፋት፦ ጎነ አራቶችን ስለ መመደብ



ከጎባ ተነሥቶ የሰነቴን አምባ ተሻግሮ፣ የሐረናን ደን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ ብዙ ቁልቁለት ያያል። በእንዲህ ያለ አገር የማሳ ድንበር ጅረቱንና መንገዱን ተከትሎ ቢሄድ አያስደንቅም። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከጥቁር ሰሌዳ ያለፈ ነው፦ አራት ጎን ያለውን መሬት ዙሪያውን በገመድ ብንለካ ስፋቱን ማወቅ እንችላለን ወይ?

በጥቅሉ አንችልም። አራት ጣውላዎችን ጫፍ ለጫፍ በምስማር አያይዛችሁ አንዱን ጥግ ወደ ጎን ብትገፉት፣ የጎኖቹ ርዝመት ሳይለወጥ ስፋቱ ይለወጣል። ሦስት ጣውላ ግን አይነቃነቅም። ጎነ ሦስት በጎኖቹ ልክ ይወሰናል፤ ጎነ አራት ተጨማሪ መረጃ ይሻል።

ይህን ችግር በአቋራጭ ለማለፍ የሞከሩ ነበሩ። በግብፅ፣ በኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ በተቀረጹት የመሬት ስጦታ መዛግብት ውስጥ የፊት ለፊት ጎኖች አማካይ በሌሎቹ ሁለት ጎኖች አማካይ ሲባዛ እናያለን። ዘዴው ለሬክታንግል ትክክል ነው፤ ሬክታንግል ላልሆነ ማሳ ሁሉ ግን ስፋቱን አብዝቶ ያወጣል። በስፋቱ መጠን ግብር ለሚከፍል ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምሳሌ እንውሰድ። የአንድ ማሳ ሁለት ጎኖች ትይዩ ሆነው 40 እና 26 ሜትር፣ የቀሩት ሁለቱ 13 እና 15 ሜትር ናቸው እንበል። በአማካዩ ዘዴ 33 በ14 ተባዝቶ 462 ካሬ ሜትር ይወጣል። አሁን ከአጭሩ ትይዩ ጎን ጫፍ ተነሥተን ለአንዱ ዘመም ጎን ትይዩ የሆነ መስመር እናስምር። በአንድ ወገን ፓራሌሎግራም፣ በሌላው ወገን ጎኖቹ 13፣ 14 እና 15 የሆኑ ጎነ ሦስት እናገኛለን፤ 14 የመጣው 26 ከ40 ተቀንሶ ነው። የዚህ ጎነ ሦስት ስፋት 84 በመሆኑ በትይዩዎቹ መካከል ያለው ርቀት 12 ሜትር ነው። እንግዲህ እውነተኛው የማሳው ስፋት 33 በ12፣ ማለትም 396 ካሬ ሜትር ነው። የአማካዩ ዘዴ 66 ካሬ ሜትር ጨምሯል፤ የእውነተኛውን ስፋት አንድ ስድስተኛ። ማዕዘን ሳንለካ ይህን ሁሉ ያወቅነው ሁለቱ ጎኖች ትይዩ መሆናቸውን ስላወቅን ብቻ ነው።

ስለዚህ ጎነ አራቶችን በትይዩ ጎኖቻቸው መመደብ ተገቢ ነው፦ ምንም ትይዩ የሌላቸው፣ አንድ ጥንድ ያላቸው ትራፒዚየሞች፣ ሁለት ጥንድ ያላቸው ፓራሌሎግራሞች። ሬክታንግል፣ ሮምበስና ካሬ በመጨረሻው ምድብ ውስጥ ያድራሉ። ኤውክሊድስ ግን እንዲህ አልመደበም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በጻፈው «ኤለመንትስ» የመጀመሪያ መጽሐፍ ጎነ አራቶችን በ22ኛው ትርጓሜ በጎንና በማዕዘን እኩልነት ለይቶ፣ የተረፉትን ሁሉ «ትራፔዚያ» አላቸው። ትይዩ መስመሮችን የሚተረጉመው ከዚያ ቀጥሎ፣ በ23ኛው ነው። ገና ባልተተረጎመ ቃል መመደብ አይችልም ነበር። (የስሙ መደበላለቅ ዛሬም አልጠራም፤ እንግሊዞች ትራፒዚየም የሚሉትን አሜሪካውያን ትራፒዞይድ ይሉታል።)

የሚያከራክረው አንድ ቃል ነው። ትራፒዚየም አንድ ጥንድ ትይዩ ጎኖች «ብቻ» ያለው ነው ወይስ «ቢያንስ» አንድ ጥንድ ያለው? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። የትይዩዎቹ ድምር ግማሽ በመካከላቸው ባለው ርቀት ሲባዛ የትራፒዚየሙን ስፋት ይሰጣል፤ ይኸው ቀመር ለፓራሌሎግራም፣ ለሬክታንግልና ለካሬም ያለ ምንም ለውጥ ይሠራል። አንድ ጊዜ የተረጋገጠውን ለአራት ስም አራት ጊዜ ማረጋገጥ ድካም ነው።

ሆኖም ይህ ምርጫ ዋጋ አለው፤ ተቃዋሚዎቹም ባዶ እጃቸውን አልመጡም። ከላይ በማሳው ላይ የተጠቀምንበት ዘዴ ሁለቱ ትይዩ ጎኖች እኩል ካልሆኑ ብቻ ይሠራል። ሁለቱም 40 ሜትር ቢሆኑ ልዩነታቸው ዜሮ ነው፤ ጎነ ሦስቱ ይጠፋል፣ ርቀቱም ሳይወሰን ይቀራል። ጎኖቹ 40 እና 14 ሜትር የሆነ ማሳ ማዕዘኑ ቀጥ ሲል 560 ካሬ ሜትር፣ እስከ 30 ዲግሪ ሲጋደል 280 ካሬ ሜትር ነው፤ ገመዱ በዙሪያው ሲሄድ ግን ሁለቱን አይለይም። ስለዚህ ሰፊውን ትርጓሜ የመረጠ ሰው በዚህ ድምዳሜ ላይ «ትይዩ ጎኖቹ እኩል ካልሆኑ» የሚል ቅድመ ሁኔታ መጨመር አለበት።

ለፓራሌሎግራም ማሳ አምስተኛ ልክ ያስፈልጋል፦ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ የሚዘረጋ ገመድ። ማሳው በሁለት ጎነ ሦስቶች ይከፈላል፣ እነርሱም አይነቃነቁም።